የስኳር ሕመም፣ ኩላሊትና ወረርሽኝ፦ አር ኤን ኤ ስለሚሸከማቸው ምልክቶች

የኮቪድ-19 ወረርሽኝ በተከሰተባቸው አገሮች ሐኪሞች ቀድመው ካስተዋሏቸው ነገሮች አንዱ፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች በቫይረሱ ሲያዙ ሕመሙ ከሌላው ሰው ይልቅ የሚጠናባቸው መሆኑ ነው። ከእነርሱም መካከል ኩላሊታቸው የተጎዳ ሰዎች ለባሰ አደጋ ይጋለጣሉ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ዕድሜ፣ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመምና ከመጠን ያለፈ ውፍረት የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። በዚህ ክፍል ሰፋ ተደርጎ የሚብራራው ግን ብዙ ጊዜ የማይነገርለት አንዱ ምክንያት ነው፤ ይኸውም የሰውነት የመከላከል ሥርዓት ወገኑን ከባዕድ ለመለየት የሚያነባቸው፣ በዓይን የማይታዩ ምልክቶች ጉዳይ ነው። ምልክቶቹ በስኳር ሕመም በሚጎዳ ኩላሊት፣ በቫይረሱ አሠራር፣ እንዲሁም ከክትባቶቹ በአንዳንዶቹ ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ ጉዳዩን የተረዳ ሰው ስለ መድኃኒትና ስለ ክትባት የሚሰጡት ምክሮች ከምን እንደ መነጩ ለመረዳት አይቸገርም።

አንድ ቃል፣ ሁለት ንባብ

በእያንዳንዱ ሕዋስ አስኳል ውስጥ ዲ ኤን ኤ የተባለ ዋና መዝገብ ተቀምጧል። ሕዋሱ አንድ ፕሮቲን መሥራት ሲፈልግ መዝገቡን ከቦታው አያወጣውም፤ የሚያስፈልገውን ገጽ ብቻ ይገለብጣል። ይህ ግልባጭ አር ኤን ኤ ይባላል። ግልባጩ ከአስኳሉ ወጥቶ ፕሮቲን ወደሚሠራበት ቦታ ይሄዳል፤ እዚያም ይነበባል፤ ሥራው ሲያበቃ ይፈርሳል። አር ኤን ኤ የሚጻፈው በአራት ኬሚካዊ ፊደላት ነው።

ለረጅም ጊዜ ዋናው ነገር የፊደላቱ ቅደም ተከተል ብቻ እንደሆነ ይታሰብ ነበር። ነገር ግን በፊደላቱ ላይ ተጨማሪ ምልክቶች እንደሚደረጉ ታውቋል። ይህን ለመረዳት የአማርኛን ንባብ ማሰብ ይበቃል። «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ «ይገኛል» ማለት ይሆናል። ፊደላቱ አልተለወጡም፤ የተለወጠው አነባበቡ ነው። ልዩነቱን ለማሳየት በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ የሚያደርጉ መጻሕፍት አሉ። በአር ኤን ኤ ላይ የሚደረጉት ምልክቶችም ከዚህ ነጥብ ጋር ይመሳሰላሉ። ቃሉን ሳይለውጡ ግልባጩ ለምን ያህል ጊዜ ሳይፈርስ እንደሚቆይ፣ ምን ያህል ፕሮቲን እንደሚሠራበት፣ በሰውነት ጠባቂዎች ዘንድ እንደ ወገን ወይም እንደ ባዕድ እንደሚታይ ይወስናሉ።

እስካሁን ከ150 በላይ የሚሆኑ የምልክት ዓይነቶች ታውቀዋል። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በ1950ዎቹ የታወቀው ሱዶዩሪዲን ነው። ፕሮቲን ለመሥራት በሚያገለግለው አር ኤን ኤ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ደግሞ ኤም-6-ኤ ይባላል፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1974 ታወቀ። ኤም-6-ኤ የሚፈጠረው ሜቲል የተባለ፣ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጂን ያለው ትንሽ ጥምረት አዴኖሲን በተባለው ፊደል ላይ ሲለጠፍ ነው። ምልክቱን የሚጽፉ፣ የሚፍቁና የሚያነቡ የተለያዩ ፕሮቲኖች አሉ። ከጸሐፊዎቹ ዋነኛው ሜትል-3 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ኤፍ ቲ ኦ የተባለው ፕሮቲን ፋቂ መሆኑ ሲታወቅ፣ ምልክቱ አንዴ ተጽፎ የሚቀር ሳይሆን እንደ ሁኔታው የሚጻፍና የሚፋቅ መሆኑ ግልጽ ሆነ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር፤ የሚፋቅ ነገር በሕመም ሊዛባ ይችላል፤ ምናልባትም በመድኃኒት ሊታረም ይችላል።

ወገንን ከባዕድ መለየት

ኮሮና ቫይረስን ጨምሮ ብዙ ቫይረሶች የራሳቸውን መመሪያ የሚሸከሙት በአር ኤን ኤ ነው። ስለዚህ የሰውነት የመከላከል ሥርዓት ባልተጠበቀ ቦታ አር ኤን ኤ ሲያገኝ በጥርጣሬ ይመለከተዋል። ሕዋሱ ከውጭ የዋጠው ነገር በሚያርፍባቸው ትናንሽ ከረጢቶች ውስጥ ቶል መሰል ተቀባይ 7 እና 8 የተባሉ ጠባቂዎች ይገኛሉ። በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ደግሞ ሪግ-አይ የተባለ ሌላ ጠባቂ አለ። እነዚህ ምልክት የሌለው አር ኤን ኤ ሲያገኙ የማንቂያ ደወል ያሰማሉ፤ ኢንተርፌሮን የተባለው ንጥረ ነገር ይመነጫል፤ በዙሪያው ያሉ ሕዋሳትም ለመከላከል ይዘጋጃሉ። የሰው ልጅ አር ኤን ኤ ግን በብዙ ቦታ ምልክት ስላለበት ጠባቂዎቹ ያልፉታል።

ይህን ምሥጢር በቤተ ሙከራ ያሳዩት በሃንጋሪ የተወለዱት ካታሊን ካሪኮና አሜሪካዊው ድሩ ዋይዝማን ናቸው። ሁለቱ በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ አብረው ሲሠሩ፣ በቤተ ሙከራ የተዘጋጀ አር ኤን ኤ ለመከላከያ ሕዋሳት ሲሰጥ ከፍተኛ ብግነት ወይም የሰውነት መቆጣት እንደሚያስነሣ አዩ። ከአጥቢ እንስሳት ሕዋሳት የተወሰዱ አንዳንድ የአር ኤን ኤ ዓይነቶች ግን ይህን አላደረጉም። ልዩነቱ በምልክቶቹ ላይ መሆኑን ተረድተው ዩሪዲን በተባለው ፊደል ምትክ ሱዶዩሪዲንን ሲያስገቡ ብግነቱ ጠፋ ማለት ይቻላል። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ፤ በጊዜው ብዙ ትኩረት አላገኘም። ከ15 ዓመት በኋላ የፋይዘርና የሞደርና የኮቪድ-19 ክትባቶች የተዘጋጁት የሱዶዩሪዲን የቅርብ ዘመድ በሆነ ምልክት ነው። ሁለቱ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2023 የኖቤል ሽልማት በሕክምና ዘርፍ ተቀበሉ።

በኢትዮጵያ የኮቪድ-19 ክትባት መሰጠት የጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በአስትራዜኒካ ክትባት ነው። እርሱ የሚሠራው ጉዳት በማያደርስ ሌላ ቫይረስ ተጭኖ በሚገባ መመሪያ ነው። በአር ኤን ኤ የተዘጋጀው የፋይዘር ክትባት ወደ አገር የገባው ዘግይቶ ነበር። ከእርሱ ጋር «ክትባቱ ዘርን ይለውጣል» የሚል ወሬ ተሰራጭቷል። ወሬው መሠረት የለውም። በክትባቱ ያለው አር ኤን ኤ መዝገቡ ወደሚቀመጥበት አስኳል አይገባም፤ ግልባጭ እንደመሆኑ ከተነበበ በኋላ ይፈርሳል። በላዩ ያለው ምልክትም መዝገቡን የሚነካ ሳይሆን ሰውነት ሳይቆጣ ግልባጩን እንዲያነበው የሚያደርግ ነው።

ቫይረሱም ይህን የመለያ ዘዴ «ያውቃል» ቢባል ስህተት አይሆንም። ኮሮና ቫይረስ በራሱ አር ኤን ኤ ጫፍ ላይ የሰውን የሚመስል የሜቲል ምልክት የሚለጥፍ ፕሮቲን አለው። ባዕድ ሆኖ ሳለ የወገን ልብስ ይለብሳል ማለት ነው። በዚህም ምክንያት የማንቂያው ደወል ሊዘገይ ይችላል። ደወሉ በዘገየ ቁጥር ቫይረሱ ይራባል፤ ሰውነት ዘግይቶ ሲነቃም ምላሹ ከልክ ያለፈ ሊሆን ይችላል።

በስኳር ሕመም የሚጎዳ ኩላሊት

እያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ወደ ደም ተመልሶ ከ1 እስከ 2 ሊትር የሚሆነው ብቻ ሽንት ሆኖ ይወጣል። የማጣሪያዎቹን የደም ሥሮች ፖዶሳይት የተባሉ ሕዋሳት ጣት በሚመስሉ ቅጥያዎቻቸው አቅፈው ይይዟቸዋል። በጣቶቹ መካከል ያለው ቀጭን ክፍተት ውኃና ቆሻሻ ያሳልፋል፤ አልቡሚን የተባለውን ጠቃሚ የደም ፕሮቲን ግን ያስቀራል። ፖዶሳይት ሲሞት በቀላሉ አይተካም።

በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ማጣሪያዎቹ በከፍተኛ ግፊት ይሠራሉ፤ ሕዋሳቱም ይጨነቃሉ። የተጨነቀ ሕዋስ የእርዳታ ምልክት ይልካል፤ ማክሮፌጅ የተባሉ የመከላከያ ሕዋሳት ወደ ኩላሊቱ ይጎርፋሉ። እዚያ ግን የሚዋጉት ጀርም የለም። ቢሆንም ብግነት የሚያባብሱ ንጥረ ነገሮችን ማመንጨት ይቀጥላሉ። ቁስሉ ሳይድን ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳ የሆነው ክፍል ደግሞ አያጣራም። ስለዚህ በስኳር ሕመም ምክንያት የሚመጣ የኩላሊት ጉዳት የስኳር ብቻ ሳይሆን የመከላከል ሥርዓት መዛባትም ሕመም ነው። ከስኳር ሕመምተኞች መካከል ከሦስቱ አንዱ ያህል በዕድሜ ዘመኑ ይህ ጉዳት ይደርስበታል።

ቀደም ሲል የተገለጹት ምልክቶች የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪዎች ከሕመምተኞች የኩላሊት ናሙናና የስኳር ሕመም እንዲይዛቸው ከተደረጉ አይጦች ባገኙት ማስረጃ፣ ጸሐፊው ሜትል-3 በፖዶሳይቶች ውስጥ ከመጠን በላይ እንደሚገኝ አይተዋል። በአይጦቹ ፖዶሳይት ውስጥ ሜትል-3 እንዲጠፋ ሲደረግ በሽንት የሚወጣው አልቡሚን ቀንሷል። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ በከፍተኛ ስኳር ውስጥ በቆዩ የኩላሊት ቱቦ ሕዋሳት ላይ ተደርገዋል። በእነዚህ ውስጥ የኤም-6-ኤ ምልክት የብግነት ማቀጣጠያ ለሆነው ለኤን ኤል አር ፒ-3 ግልባጭ ዕድሜ እንደሚጨምር ታይቷል። በቀላል አነጋገር፣ ቶሎ መፍረስ የነበረበት የብግነት ትእዛዝ ምልክት ስለ ተጨመረበት ሳይፈርስ ይቆያል፤ ደጋግሞም ይነበባል።

ይህ እውቀት ገና ከቤተ ሙከራ አልወጣም። ሜትል-3ን የሚገታ መድኃኒት በሰው ላይ መፈተሽ የጀመረው በካንሰር ሕመምተኞች ላይ ነው፤ ለኩላሊት ሕመም የጸደቀ እንዲህ ያለ መድኃኒት የለም። ስለዚህ «የተጎዳ ኩላሊትን በአር ኤን ኤ እናድናለን» በሚል የሚሸጥ ማናቸውም ነገር ማታለያ ነው። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈለገው ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር የእንዲህ ዓይነት ነጋዴዎች ቁጥር ስለሚበዛ ነው።

ሁለቱ ሲገናኙ

ኩላሊቱ የተጎዳ የስኳር ሕመምተኛ ሰውነት ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ነገሮችን በአንድነት ይዟል። በአንድ በኩል ብግነቱ ሳይበርድ እንደ ረመጥ ይቆያል። በሌላ በኩል ኩላሊት ማስወገድ ያልቻለው ቆሻሻና ከፍተኛው ስኳር የመከላከያ ሕዋሳትን ያዳክማሉ፤ ስለዚህ እውነተኛ ጠላት ሲመጣ ምላሹ ይዘገያል፤ ከክትባት የሚገኘው የመከላከል አቅምም ከሌላው ሰው ያነሰ ይሆናል። ቫይረሱ በወገን ልብስ ሲገባ የሚያገኘው እንግዲህ የዛለና ያለ ምክንያት የተቆጣ ጠባቂ ነው። በኩላሊት እጥበት ላይ ላሉና ኩላሊት ለተተካላቸው ሰዎች ተጨማሪ የክትባት መጠን የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ኩላሊት የተተካላቸው ሰዎች የመከላከል ሥርዓታቸውን የሚያዳክም መድኃኒት ስለሚወስዱ መጠንቀቅ ያለባቸው ከሁሉም በላይ ነው።

የመከላከል ሥርዓትን መቆጣጠር ሲባል ሁልጊዜ ማጠናከር ማለት እንዳልሆነ ከሁሉ በላይ ያሳየው ዴክሳሜታዞን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪታንያ የተካሄደው «ሪከቨሪ» የተባለ ጥናት ይህ ርካሽና የቆየ ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት ምን እንደሚያደርግ ፈተሸ። በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱ የኮቪድ-19 ሕሙማን መካከል በተለመደው ሕክምና ብቻ ከታከሙት ከመቶ 41 ያህሉ ሲሞቱ፣ መድኃኒቱ ከተጨመረላቸው የሞቱት ከመቶ 29 ነበሩ። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ሕሙማን ግን መድኃኒቱ ጥቅም አላሳየም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውነት ቫይረሱን መዋጋት አለበት፤ ቁጣው ሳንባን ማጥፋት ሲጀምር ብቻ ማብረድ ይጠቅማል። ዴክሳሜታዞን የደም ስኳርን በእጅጉ ከፍ ያደርጋል። ከፋርማሲ ገዝቶ በቤት የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ጥቅም ሳያገኝ ሁለት ጉዳት ያገኘዋል።

የሚቀጥሉና የሚቋረጡ መድኃኒቶች

በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት ስለ ኢናላፕሪልና ስለ ሎሳርታን ብርቱ ፍርሃት ተነሥቶ ነበር። ሁለቱም የደም ግፊትን ይቀንሳሉ፤ በስኳር ሕመም የሚጎዳ ኩላሊትንም ይከላከላሉ። ፍርሃቱ የመጣው ቫይረሱ ወደ ሕዋስ የሚገባበት ኤ ሲ ኢ-2 የተባለው በር መድኃኒቶቹ ከሚሠሩበት መንገድ ጋር ስለሚዛመድ ነው። በብራዚል በ659 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት መድኃኒቱን ያቋረጡትን ከቀጠሉት ጋር አወዳደረ፤ ማቋረጥ ያስገኘው ጥቅም አልነበረም። ስለዚህ ሕመምተኞች በወሬ ተነሥተው እነዚህን መድኃኒቶች ማቆም የለባቸውም።

ኢንሱሊንን በተመለከተ በብዙ ቤት የሚሰማ ስህተት አለ፤ «ምግብ ስላልቀመስኩ ኢንሱሊን አያስፈልገኝም» የሚል ነው። ሰውነት በትኩሳት ሲጨነቅ ጉበት ራሱ ስኳር ይለቃል፤ ስለዚህ ያልበላ ሰው ስኳርም ከፍ ሊል ይችላል። መጠኑ በሐኪም ምክር ሊስተካከል ይችላል እንጂ ኢንሱሊን ጨርሶ አይቋረጥም፤ በተለይ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ማቋረጥ ለሞት ያደርሳል። በሌላ ወገን ብርቱ ትውከት ወይም ተቅማጥ ኖሮ የሰውነት ፈሳሽ ሲጎድል ሜትፎርሚን፣ ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚን እስኪሻል ድረስ ለጊዜው እንዲቆሙ ይመከራል። ኢናላፕሪልና ሎሳርታንም በዚህ ሁኔታ ሐኪም ሲያዝዝ ለጥቂት ቀናት ሊቆሙ ይችላሉ። ሁሉም ሕመምተኛው መብላትና መጠጣት ሲጀምር ይመለሳሉ፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም መልሶ መጀመሩን ነው።

ለትኩሳትና ለራስ ምታት ፓራሲታሞል በታዘዘው መጠን ይወሰዳል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በየመድኃኒት ቤቱ በቀላሉ ቢገኙም ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ስለሚቀንሱ ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ሊርቃቸው ይገባል። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በምግብ መጠን ጉዳት የላቸውም። በብዛት ተጨምቀው ወይም ተቀቅለው የሚጠጡ ምንነታቸው ያልታወቀ ቅጠላ ቅጠሎች ግን በደከመ ኩላሊት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት አይታወቅምና ባይሞከሩ ይሻላል።

ትንፋሽ ሲያጥር፣ ግራ መጋባት ሲታይ፣ ሽንት በግልጽ ሲቀንስ፣ እግርና ፊት ሲያብጡ፣ ትውከት አላቆም ሲል፣ ወይም ስኳር በተደጋጋሚ ከ250 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ ሲሆን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ኩላሊቱ መጎዳቱን የሚያውቀው እንዲህ ባለ አጣዳፊ ሕመም ሲተኛ ነው፤ ጉዳቱ በመጀመሪያ ዓመታት ሕመም የለውም። ሊያሳየው የሚችለው ቀላል የሽንት ምርመራ ነው። በአንድ ግራም ክሬያቲኒን ላይ የአልቡሚን መጠን 30 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሆኖ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ኩላሊቱ መጎዳቱን ያመለክታል። ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሕመሙ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ፣ ዓይነት 1 ያለበት ደግሞ ሕመሙ ከታወቀ ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ሊመረመር ይገባል። ትኩሳት ባለበት ሰሞን የሚደረግ ምርመራ ሊያሳስት ስለሚችል ካገገሙ በኋላ ይደገማል።

በኩላሊት እጥበት ላይ ያሉ ሰዎች «ከቤት አትውጡ» የሚለውን መመሪያ እንደ ሌላው ሰው ሊፈጽሙት አይችሉም። እጥበቱ በተለምዶ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜም አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ አንዱን መዝለል ከቫይረሱ ባላነሰ ለሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ በጉዞም ሆነ በእጥበት ክፍሉ ጭምብል ያደርጋሉ፤ ከተቻለ በመስኮት አጠገብ ይቀመጣሉ። ትኩሳት ወይም ሳል ሲጀምራቸው ሳይሄዱ ቀርተው ሳይሆን አስቀድመው ለክፍሉ ደውለው ይሄዳሉ፤ ክፍሉም የተለየ ሰዓት ወይም የተለየ አልጋ ያዘጋጅላቸዋል። አስታማሚው የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ከነመጠናቸው በወረቀት ጽፎ ከሕመምተኛው ጋር መላክ ይኖርበታል፤ በድንገተኛ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚባክነው ይህን በመጠየቅ ነው።